ግራፊክ ኖቭል ምንድን ነው? በሁለት ሥዕሎች መካከል ስላለው ባዶ ቦታ

በሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ በማለዳ የደረሰ ሰው አባ ኮዳዎቹን ሳያይ አይመለስም፤ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች ዓሣ ከሚበልቱት ልጆች ሥር ቆመው የሚጣልላቸውን አንጀትና ጭንቅላት ይጠብቃሉ። አንድ ቀን እዚያው ተቀምጬ በደብተሬ ላይ ሁለት ሥዕሎች ሣልሁ። በመጀመሪያው አንድ ልጅ ቀረሶ በጅራቱ አንጠልጥሎ ወደ ሐይቁ ያያል፤ ከኋላው አንድ አባ ኮዳ አንገቱን አስግጎ ቆሟል። በሁለተኛው የልጁ እጅ ባዶ ነው፤ ወፉም ከውኃው በላይ ክንፉን ዘርግቷል። ደብተሩን ያሳየኋቸው ሁሉ ‹‹ሰረቀው!›› አሉ። ስርቆቱን ግን አልሣልሁትም።

ግራፊክ ኖቭል ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልስ የምጀምረው ከነዚህ ሁለት ሥዕሎች ነው። በመዝገበ ቃላት ወግ እንናገር ከተባለ፣ ግራፊክ ኖቭል በተከታታይ ሥዕሎችና በጥቂት ጽሑፍ የሚተረክ፣ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ መጽሐፍ ተጀምሮ የሚያልቅ ረጅም ታሪክ ነው። እኛ ዘንድ ይህን ሁሉ ‹‹ካርቱን›› ብሎ መጥራት ስለተለመደ የሕፃናት ማጫወቻ ተደርጎ ይታያል፤ ሥዕል ከገባበት ልብ ወለድ ጋር የሚያምታቱትም አሉ። በሥዕል በታጀበ ልብ ወለድ ውስጥ ግን ሥዕሉ ቢወጣ ታሪኩ ሳይጎድል ይነበባል፤ ከግራፊክ ኖቭል ሥዕሉ ከወጣ የሚቀረው የተቆራረጠ ንግግር ብቻ ነው።

ባለሙያዎቹ በሥዕሎቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በእንግሊዝኛ ‹‹ጋተር›› ይሉታል፤ ቃሉ በመንገድ ዳር የዝናብ ውኃ የሚወርድበት ቦይም ስም ነው። ስያሜው በመጀመሪያ አልጣመኝም ነበር፤ በክረምት ከፒያሳ ወደ ቤቴ ስመለስ ቦዩን በዘለልሁ ቁጥር ግን ልክነቱ እየታየኝ መጣ። መንገዱን የሠራው ሌላ ሰው ቢሆንም ቦዩን የምሻገረው በራሴ ጉልበት ነው። ፊልም በአንድ ሰከንድ 24 ምስሎችን ስለሚያሳልፍ ዓይናችን በመካከላቸው ያለውን ክፍተት አያየውም፤ ኮሚክ፣ ማለትም አጭርም ሆነ ረጅም በተከታታይ ሥዕሎች የሚተረክ ታሪክ፣ ግን ክፍተቱን በግልጽ አስቀምጦ ለአንባቢው ይተውለታል። በዚያች ጣት በማትሞላ ነጭ ቦታ ውስጥ የዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ ሊያልፍ ይችላል፤ ሃያ ዓመትም ሊያልፍ ይችላል። የትኛው እንደሆነ የምናውቀው ከግራና ከቀኝ ያሉትን ሥዕሎች አስተያይተን ነው፤ ሠዓሊው ሰነፍ ከሆነ ደግሞ ‹‹ከሃያ ዓመት በኋላ›› ብሎ ይጽፍልናል።

በጋዜጣ የሚወጣው አጭሩ የኮሚክ ስትሪፕ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ሥዕሎች ብቻ ስላሉት የሚዘለለውም ቦይ ሁለት ወይም ሦስት ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ሹልዝ በዚህ ጠባብ ስፍራ እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 2000 ድረስ 17,897 የ‹‹ፒናትስ›› ስትሪፖችን ሠርቷል። ረጅሙን ዓይነት በተመለከተ፣ አሜሪካዊው የኮሚክ ሠዓሊ ዊል አይስነር እ.ኤ.አ. በ1978 በብሮንክስ የኪራይ ቤቶች ስለሚኖሩ ሰዎች የሠራቸውን አራት ታሪኮች ሲያሳትም ‹‹ግራፊክ ኖቭል›› የሚለውን ስም አስፋፋው እንጂ አልፈጠረውም። የአርት ስፒገልማን ‹‹ማውስ››፣ አይሁዶችን በአይጥ ጀርመኖችንም በድመት መስሎ የደራሲው አባት ከናዚ ማጎሪያ እንዴት እንደተረፈ የሚተርከው መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የፑሊትዘር ልዩ ሽልማት አግኝቷል። የልጆች ነገር ነው ለሚሉኝ የማውሰው እርሱን ነው፤ አንዳንዶቹ አልመለሱልኝም፤ እኔም እንደ ምስጋና ቆጥሬዋለሁ።

ዘዴው ለእኛም እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍሎች ከፋፍሎ በአንድ ሸራ ላይ የሚያሳየው ባህላዊ ሥዕል በየክፍሉ አጭር የአማርኛ መግለጫ አለው። ንግሥቲቱ በርበሬ የበዛበት ማዕድ ስትመገብ እናያለን፤ ቀጥሎ ሌሊት ተነሥታ ውኃ ስትጠጣ እናያለን፤ ጥማቱ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። ልዩነቱ፣ በእኔ ግምት፣ የሳባን ሸራ የሚያይ ሰው ታሪኩን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ክፍተቱን በትዝታ ይሞላዋል፤ የግራፊክ ኖቭል አንባቢ ግን በግምት መሙላት አለበት፤ ገጹን ሲገልጥም ግምቱ ሊከሽፍበት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ‹‹ጀምበር›› የተሰኘው የልዕለ ኃያል ኮሚክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም መውጣቱ ያስደሰተኝ በቋንቋችን ምክንያት ጭምር ነው። ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ፣ ከቀኝ ተነሥተው ወደ ግራ ከሚሄዱት ማንጋ ከሚባሉት የጃፓን ኮሚኮች በተለየ፣ ሥዕሉንና ንግግሩን በአንድ አቅጣጫ ለመደርደር አያስቸግርም። ከዚያ ይልቅ የሚደንቀኝ ግሣችን ነው። ንግግር የሚጻፍበት ፊኛ ጠባብ ነው፤ ‹‹ወሰደብኝ›› የምትለው አንዲት ቃል ግን ወሳጁን፣ ተበዳዩንና ቅሬታውን ይዛ ትገባበታለች።

ይህችኑ ቃል በሦስተኛው ሥዕሌ ላይ ሞክሬያታለሁ። ልጁ ባዶ እጁን ዘርግቶ እናቱ ፊት ቆሟል፤ ከራሱ በላይ ባለው ፊኛም ‹‹ወሰደብኝ!›› ብዬ ጻፍሁ። ሳየው ሰዎቹ ራሳቸው የደረሱበትን ስርቆት መልሼ የነገርኋቸው መሰለኝ፤ ስለዚህ ፊኛውን ከነቃሉ በላጲስ አጠፋሁት። የልጁ አፍ ግን እንደተከፈተ ቀርቷል።