ጄሊፊሽ ዓሣ ነው እንዴ?

ኸረ ልጆች፣ በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስተኛ ጊዜ ተጠየቀ! «ፊሽ» በእንግሊዝኛ ዓሣ ማለት ቢሆንም ስሙ አያታልላችሁ። የሐይቅን ቆሮሶ ስትበሉ እሾሁን ትለቅማላችሁ አይደል? ዓሣ የጀርባ አጥንት አለው። ጄሊፊሽ ግን አጥንት ቀርቶ ልብም አንጎልም የለውም፤ አካሉ ከሞላ ጎደል ውሃ ነው።

እንስሳነቱ አያጠራጥርም፤ ምድቡም ናይዳሪያ ይባላል። ዘመዶቹ ኮራልና ሃይድራ የሚባሉ የውሃ እንስሳት ናቸው። የሚያመሳስላቸው እንደ ሳማ የሚለበልቡ ጥቃቅን ሕዋሳት ናቸው (ሳማ የነካው ያውቀዋል)። እስከዚህ ድረስ ክርክር የለም።

የሚለያየው የስሙ ስፋት ነው። አንዳንዱ «ጄሊፊሽ» የሚለው እውነተኛ የሚባሉትን 200 ገደማ ዝርያዎች ብቻ ነው፤ ሌላው ሳጥን የሚመስል አካል ያላቸውን ዘመዶቻቸውንም ይጨምራል። ማበጠሪያ ጄሊ የሚባለው ግን መልኩ ቢመሳሰልም ምድቡ ሌላ ነው።