ባለቤት የበዛበት ሞት፦ በወጣትነቱ ስለሞተ ወታደር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በውትድርና ላይ ሳለ የሞተ ወጣት ከሌላው ሟች የሚለየው ሞቱ ባለቤት ስለሚበዛበት ነው። መንግሥት የእኔ ነው ይላል፤ ሠራዊቱ የእኔ ነው ይላል፤ ጦርነቱን የሚደግፈውም የሚቃወመውም ለየክርክሩ ምስክር አድርጎ ይጠራዋል። ወልደው ያሳደጉት፣ አብረውት ያደጉት፣ ሊያገባት ያሰባት ልጅ ተራቸው ሲደርስ የሚቀርላቸው አንድ ፎቶግራፍና ጥቂት የታተሙ ቃላት ነው። ስለ መታሰቢያው የሚነገሩት የተሳሳቱ አባባሎች ብዙዎቹ ከቅን ልብ የሚወጡ ናቸው። ውጤታቸው ግን አንድ ነው፤ ልጁን ከወገኖቹ እጅ ያወጡታል። ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

«ስሙን ባናነሳ ይሻላል፤ ቁስላቸውን እንቀሰቅሳለን»

ከሁሉም የተስፋፋውና ከሁሉም ደግ የሚመስለው ስህተት ይህ ነው። እናቱ ረስታው የቆየችና እኛ ስሙን ስንጠራ ገና የምታስታውሰው ይመስላል። ልጇ ከእሷ ልብ ወጥቶ አያውቅም፤ የወጣው ከሰው አፍ ነው። ልጃቸውን ያጡ ወላጆች ደጋግመው የሚናገሩት ስጋት «ሰዎች ያስለቅሱናል» የሚል ሳይሆን «ሰዎች ይረሱታል» የሚል ነው። ስሙ ሲነሳ እንባ ቢመጣም እንባውን የፈጠረው ተናጋሪው አይደለም። ቀድሞውኑ ነበረ፤ መውጫ አገኘ እንጂ።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም ሰው በሁሉም ሰዓት ስለ ሟቹ ማውራት አይፈልግም። ስለዚህ ምርጫውን ለሐዘንተኛው መተው ይገባል። «ሰሞኑን ትዝ ሲለኝ ሰነበተ፤ ላጫውትዎት?» ማለት ይበቃል። ዛሬ አይሆንም ካሉ ሌላ ቀን አለ።

ሲፈቀድ ደግሞ የሚነገረው ምስጋና ባይሆን ይመረጣል። «ጥሩ ልጅ ነበር» የሚለውን እናቱ ከማንም ይበልጥ ታውቀዋለች። የማታውቀው በካምፕ ውስጥ የነበረውን ኑሮውን ነው፤ ከማን አጠገብ ይተኛ እንደነበር፣ በዘብ ሌሊት ስለ ምን ያወራ እንደነበር፣ ማንን ያስቅ፣ በማን ይናደድ እንደነበር። ይህ እውቀት ያለው በጓዶቹ ዘንድ ብቻ ነው። ጓዶቹ ደግሞ ይዛወራሉ፣ ይሰናበታሉ፣ ስልካቸውን ይቀይራሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያልተጠየቀ ጓድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ላይገኝ ይችላል፤ ቢገኝም ትዝታው ደብዝዞ፣ ከሌሎች ሰዎች ወሬ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ስለዚህ ከቤተሰቡ አንዱ ደብተር ይዞ፣ የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውንና ጊዜውን እየመዘገበ ቢጽፍ ወይም በድምፅ ቢቀርጽ ከማንኛውም ሐውልት የሚበልጥ ሥራ ሠርቷል።

«ጀግና ካልነው በቂ ነው»

ቃሉን አልጠላም። ለብዙ ቤተሰብ መጽናኛ ነው፤ የሚገባውም ሞልቷል። ችግሩ የሚመጣው ሌላውን ሁሉ ሲተካ ነው። ሃያ ዓመት የኖረ ልጅ በአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሆነው ነገር ብቻ ይታወሳል። ያረፈደባቸው ጠዋቶች፣ ከአባቱ ጋር የተጣላበት ጉዳይ፣ ሳይከፍል የቀረው ብድር ሁሉ ለጀግና አይመጥንም ተብሎ ይሰረዛል። ከእሱ ጋር ሲደባደብ ያደገው ታናሽ ወንድሙ ያንን ድብድብ ማስታወስ ነውር ሲመስለው የሚያዝንለት ሰው ያጣል፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሰው አያውቀውማ።

ይህ ትግል አዲስ አይደለም። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1917፣ የብሪታንያ ግዛቶች የጦር መቃብር ኮሚሽን ተቋቋመ። የያዘው መርህ ጄኔራሉም ተራ ወታደሩም፣ ሀብታሙም ድሃውም አንድ ዓይነት ድንጋይ እንዲቆምላቸው ነበር። አስከሬን ወደ አገር ቤት መመለስም ተከልክሎ ነበር። መርሁ ክቡር ነው፤ ዛሬም ሳስበው ትክክል ይመስለኛል። ነገር ግን ብዙ ወላጆች ልጃቸው ለሁለተኛ ጊዜ የተወሰደባቸው ያህል ተቆጡ፤ ጉዳዩ እስከ ፓርላማ ደርሶ አከራከረ። ለቤተሰብ የተተወችው ቦታ ከድንጋዩ ግርጌ ያለችው ነበረች፤ በላቲን ፊደል፣ ክፍተቱ ተቆጥሮ፣ ከ66 የማይበልጥ የግል ጽሑፍ። የኒውዚላንድ መንግሥት ይህችንም ለወታደሮቹ ቤተሰቦች አልፈቀደም። በእነዚያ መካነ መቃብሮች የሚዘዋወር ጎብኚ ማዕረጉንና የክፍሉን አርማ በዓይኑ አልፎ የሚቆመው ግርጌው ላይ ነው፤ ልጁን የሚያውቅ ሰው የተናገረው እዚያ ብቻ ነውና።

እኔ ለሚጽፍ ቤተሰብ የምመክረው ይህን ነው፦ የምትጽፉት ዓረፍተ ነገር በአጠገቡ ላለው መቃብርም የሚሆን ከሆነ ገና አልጨረሳችሁም።

«በውጊያ ካልሞተ መሥዋዕትነቱ ያው አይደለም»

በሥልጠና ላይ የሞተ አለ። መኪና ተገልብጦበት የሞተ አለ። በሕመም የሞተ፣ በራሱ እጅ የሞተ አለ። የእነዚህ ቤተሰቦች «እንዴት ሞተ?» ተብለው ሲጠየቁ አንገታቸውን የሚደፉት ጥያቄው ውስጥ ሚዛን እንዳለ ስለሚያውቁ ነው።

ሚዛኑ ግን ከታሪክ ጋር አይገጥምም። ወታደር በጥይት ይሞታል የሚለው ሥዕል ለብዙ ዘመን ሐሰት ነበር። ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከሞቱት ወታደሮች ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሞቱት በበሽታ ነው፤ በተቅማጥ፣ በታይፎይድ፣ በኩፍኝ። እነዚያን ሁሉ ከመታሰቢያው እናውጣ የሚል የለም። ልጁ ወደ ሠራዊቱ ሲገባ የሰጠው ሙሉ ራሱን ነው፤ በምን እንደሚሞት መርጦ አልፈረመም።

በጣም የሚከብደው በራሱ እጅ የሞተው ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ራሳቸውን ላጠፉ ወታደሮች ቤተሰቦች የሐዘን ደብዳቤ የማይልኩበት የቆየ አሠራር ነበር። የተለወጠው በሐምሌ 2011 ነው፤ ያም በጦር ቀጠና ለሞቱት ብቻ። ብሪታንያ በበኩሏ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በመክዳት፣ በፈሪነትና በመሳሰሉት ተከሰው በራሳቸው ወገን የተረሸኑ 306 ወታደሮችን ይቅር ያለችው በ2006 ነው፤ ዘጠና ዓመት ገደማ ቆይታ። ከእነሱ መካከል በጦርነቱ ድንጋጤ አእምሯቸው የተጎዳ ሰዎች እንደነበሩ ዛሬ በሰፊው ይታመናል። ዘመን ሲለወጥ ፍርዱ ተገለበጠ፤ ፍርዱን ተሸክመው የኖሩት እናቶች ግን አላዩትም።

ለዚህ ነው የሞቱን ምክንያት መደበቅን የማልመክረው። «በግዳጅ ላይ» የሚል የተድበሰበሰ ቃል ለጊዜው ያሳርፋል፤ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችና ታናናሾች ግን ቆይተው ከሌላ ሰው ይሰሙታል፤ ያኔ የሚጎዳቸው ሞቱ ብቻ ሳይሆን መዋሸታቸውም ነው። ቤተሰቡ ምን እንደተፈጠረ የሚያስረዳ ዘገባ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት፤ ሰነዱንም መጠበቅ። ለጎረቤት ሁሉ መንገር ግን ግዴታ የለበትም። ማወቅ እና ማውራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

«ሐዘን አምስት ደረጃ አለው፤ መጨረሻው ላይ ይዘጋል»

አምስቱ ደረጃዎች፣ ማለትም መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድባቴና መቀበል፣ የሐኪሟ የኤልሳቤጥ ኩብለር ሮስ ናቸው፤ በ1969 ያሳተመቻቸው። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ያኔ ያጠናቻቸው ሐዘንተኞች ሳይሆኑ ራሳቸው ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማን መሆናቸውን ነው። ኋላ ላይ ለሐዘንተኛም ተዘርግቶ እንደ ደረጃ መወጣጫ ተቆጠረ፤ ከዚያ ወዲህ የማይቆጣ ሐዘንተኛ «ገና አልጀመርክም»፣ በሦስተኛው ዓመት የሚያለቅስ ደግሞ «እስካሁን?» ይባላል።

ተመራማሪዎች ከዚያ በኋላ ያገኙት ሌላ ነው። በ1999 ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት ሐዘንተኛ ወደ ሐዘኑና ወደ ኑሮው እየተመላለሰ እንደሚኖር ጻፉ፤ ጠዋት አልቅሶ ከሰዓት ሥራ የሚሠራ ሰው አስመሳይ አይደለም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1990ዎቹ ሌሎች አጥኚዎች ከሟቹ ጋር ያለው ትስስር መቆረጥ አለበት የሚለውን የቆየ ሐሳብ ተቃውመዋል፤ ትስስሩ መልኩን ቀይሮ ሊቀጥል ይችላል፤ ይህም በራሱ በሽታ አይደለም።

በዚህ ነገር ላይ ከየትኛውም ጥናት ይልቅ የሚያስተምረኝ የጀርመናዊቷ ሠዓሊና ቀራጺ የኬቴ ኮልቪትስ ታሪክ ነው። ልጇ ፔተር በ1914 ሊዘምት ሲል ገና 18 ዓመቱ ነበርና የአባቱ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። አባትየው እምቢ ሲል አግባብታ ያስፈቀደችው እሷ ነበረች። በጥቅምት ወር ቤልጅየም ውስጥ ተገደለ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ መታሰቢያ ልትሠራለት አሰበች፤ በመጀመሪያው ሐሳቧ ተጋድሞ የሚታየው ልጁ ራሱ ነበር። ጀመረች፣ አቋረጠች፣ እንደገና ጀመረች። ሐውልቱ ተጠናቆ መካነ መቃብሩ ውስጥ የቆመው በ1932 ነው። ልጁ የለበትም። የተንበረከኩ አባትና እናት ብቻ ናቸው፤ ፊታቸው ላይ የራሷና የባሏ መልክ አለ። አሥራ ስምንት ዓመት፤ ልጁ በሕይወት የኖረውን ያህል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ሌሎች ትልልቅ ሥራዎችን ሠርታለች፣ አስተምራለች፣ ለሰላም ተከራክራለች። በደረጃ ቆጣሪዎቹ ሚዛን ግን «ያልተላቀቃት» ሴት ናት።

ይህ ማለት ግን እርዳታ የሚያስፈልገው ሐዘን የለም ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በበሽታዎች ምደባው የተራዘመ የሐዘን ሕመምን አስገብቷል፤ ቢያንስ ስድስት ወር የዘለቀና ኑሮን ያሰናከለ ሲሆን ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ለአዋቂዎች 12 ወር ያደርገዋል። ቁልፉ የወራቱ ቁጥር ሳይሆን ሁለተኛው ነገር ነው፤ ሰውየው መብላት፣ መተኛት፣ መሥራት፣ ከሰው ጋር መሆን ከተሳነው፣ ወይም ሟቹን ልከተል የሚል ሐሳብ ካደረበት፣ ቀኑን ሳይቆጥሩ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

«መቃብር ከሌለው የሚዘከርበት የለም»

አስከሬኑ ያልተገኘ ልጅ ቤተሰብ በተለየ ስቃይ ውስጥ ነው፤ ተስፋው አይሞትም፣ ሐዘኑም አይጀምርም። ያም ሆኖ ያለ መቃብር መታሰብ ይቻላል፤ ቤልጅየም ኢፕር ከተማ ባለው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መታሰቢያ፣ በሜኒን በር ላይ፣ መቃብራቸው ያልታወቀ ከ54,000 በላይ ወታደሮች ስም ተቀርጿል። ጠፍቶ የቀረም አንዳንዴ ይገኛል። በአሜሪካ አርሊንግተን መካነ መቃብር ለዓመታት ስሙ ያልታወቀ የቬትናም ወታደር ተብሎ ሲከበር የነበረው አጽም በ1998 በዘረመል ምርመራ የማይክል ብላሲ መሆኑ ተረጋግጦ ለቤተሰቡ ተሰጠ። ያልታወቀው ወታደር የአገር ነበር፤ ስም ሲያገኝ የቤተሰቡ ሆነ። አስከሬኑ ያልተገኘ ልጅ ያላቸው ወላጆች የዘረመል ናሙናቸውን ለሚመለከተው አካል መስጠት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ያለባቸው በሕይወት ሳሉ ነው።

«እሱን ማክበር ጦርነቱን መደገፍ ነው»

አይደለም። ተቃራኒውም አይደለም፤ ጦርነቱን መቃወም እሱን መናቅ አይሆንም። ዋሽንግተን ያለው የቬትናም ጦርነት መታሰቢያ ግድግዳ በ1982 ሲመረቅ አገሪቱ በጦርነቱ ላይ ተከፋፍላ ነበር። ግድግዳው ስለ ጦርነቱ ትክክለኛነት ምንም አይናገርም። ከ58,000 በላይ ስሞች፣ ያለ ማዕረግ፣ በሞቱበት ወይም ለሞት ያበቃቸው ጉዳት በደረሰባቸው ቀን ቅደም ተከተል ይነበባሉ። ለቀብር የመጣ ሰው በሬሳው ራስጌ ፖለቲካ የሚከራከር ከሆነ ግን ከየትኛውም ወገን ቢሆን ቢወጣ ደስ ይለኛል።

«ሐዘኑ የአባትና የእናት ነው»

መርዶው የሚነገረው በመዝገብ ላይ ለተጻፈው የቅርብ ዘመድ ነው። ወረቀት የሌላት እጮኛ ከሰው ትሰማለች፤ በቀብሩም የምትቆምበት ቦታ ግልጽ አይደለም። እህትና ወንድም «እናታችሁን አጽኑ» ይባላሉ እንጂ እናንተስ አይባሉም። አጠገቡ የነበረው ጓድ ደግሞ ለምን እኔ ተረፍኩ እያለ ቤተሰቡን ለማየት ይፈራል። ቤተሰቡ ቀድሞ ቢጠራው ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

«ሁሉም ስልኩ ውስጥ ስላለ አይጠፋም»

ይጠፋል፤ ያውም ከወረቀት ደብዳቤ ፈጥኖ። ዋትስአፕ ለ120 ቀናት ያልተከፈተ አካውንትን እንደሚሰርዝ በመመሪያው አስፍሯል። ቴሌግራም ለተወሰኑ ወራት ሥራ ላይ ያልዋለ አካውንትን ራሱ ያጠፋል። ጉግል ለሁለት ዓመት ያልተገባበትን አካውንት ከነፎቶው ሊሰርዝ ይችላል። ፌስቡክ በቤተሰብ ጥያቄ ገጹን የመታሰቢያ ገጽ ያደርገዋል። የአይፎን ሠሪው አፕል የሟቹን መረጃ እንዲያይ የሚፈቅድለት «ወራሽ» ግን የሚሠራው ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ከሰየመው ብቻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚድነው የላካቸው የድምፅ መልእክቶች ናቸው፤ ፎቶ ከብዙ ሰው ይሰበሰባል፣ ድምፅ ግን ከእሱና ከተቀባዩ ስልክ ውጪ ብዙ ጊዜ አይገኝም። እያንዳንዱ የደረሰውን ኮምፒውተር ላይና በሌላ አንድ የተለየ ቦታ ይገልብጥ። የተቆለፈ ስልኩን የይለፍ ቃል እየገመቱ መሞከር ጨርሶ ሊዘጋው ይችላልና ሳይነካ ይቀመጥ።

ስልኩ ከተከፈተ ደግሞ ማንም የማያወራው ጥያቄ ይመጣል፤ ሁሉንም ማንበብ ይገባል? እኔ አይገባም ባይ ነኝ። ከእጮኛው ጋር የተጻጻፈው ሳይነበብ ለእሷ ይሰጣት፤ ከእናቱ የተደበቀ ምስጢር ቢኖረውም የሃያ ዓመት ልጅ መብት ነበረ።