የቀትር ጋኔን ምንድን ነው?

ለጸሎት ቆመሃል እንበል። ገና አምስት ደቂቃ አልሞላህም፤ ሰዓቱን ግን ሁለቴ አይተሃል። ድንገት ያልመለስከው መልእክት ትዝ ይልሃል። ቀጥሎ ሌላ ሐሳብ ይመጣል፦ «ዛሬ ስሜቱ የለኝም። ያለ ስሜት መጸለይ ደግሞ ግብዝነት ነው።» ሐሳቡ ጨዋ ነው፤ መንፈሳዊም ይመስላል። የጥንት መነኮሳት ለዚህ ነገር ስም ነበራቸው፦ የቀትር ጋኔን።

ስሙ የተወሰደው ከመዝሙረ ዳዊት ነው። መዝሙር 91 ቁጥር 6 «ከአደጋና ከቀትር ጋኔን» ይላል። ዕብራይስጡ የሚናገረው በቀትር ስለሚያጠፋ መቅሠፍት ነው። «ጋኔን» የሚለው የመጣው ከጥንቱ የግሪክ ትርጉም ነው።

በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪዮስ ሰውን የሚፈትኑ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ዘርዝሯል። ከሁሉም የሚከብደው ይሄኛው፣ የቀትር ጋኔን የተባለው፣ ነው ይላል። በግሪክኛ አኬዲያ ይባላል፤ ግድ ማጣት እንደማለት ነው።

የሰጠው መግለጫ ትንሽ ያስቃል። ጋኔኑ ከ4 ሰዓት ጀምሮ እስከ 8 ሰዓት መነኩሴውን ይከባል። (ሰዓቱ እንደኛው ከንጋት የሚቆጠር ስለሆነ ማስላት አያስፈልግም።) ፀሐይዋ የቆመች ትመስላለች። ቀኑ 50 ሰዓት ይሆንበታል። መነኩሴው በመስኮት እያየ 9 ሰዓት ለመድረስ ስንት እንደቀረ ይገምታል፤ ምግብ የሚቀርበው ያኔ ነው። ከዚያ የሚኖርበት ቦታ ያስጠላዋል። በወንድሞች መካከል ፍቅር የጠፋ ይመስለዋል። በቅርቡ ያስቀየመው ሰው ካለ፣ እሱም ይመጣበታል። መጨረሻ ላይ ጋኔኑ «እግዚአብሔርን ለማምለክ ቦታ አይወስንም» ይለዋል። እውነቱን ነው! ጋኔኑ እውነት ሲናገር ነው መጠንቀቅ።

ልብ በል፤ ስረቅ ወይም ዋሽ አላለውም። ተነሥተህ ሂድ ነው ያለው።

በኋላ ዘመን ምዕራባውያን ይህን ሐሳብ ከሰባቱ ዋና ኃጢአቶች ውስጥ ከተቱት፤ ቀስ በቀስም «ስንፍና» ተባለ። ለእኔ ይህ ስም አይመጥነውም። አኬዲያ የያዘው ሰው ቤት ሲያጸዳ፣ ስልክ ሲነካካ፣ ለሰው ጉዳይ ሲሮጥ ሊውል ይችላል። የማይችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እግዚአብሔር ፊት መቀመጥ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ኤቫግሪዮስ ነፍስህን ለሁለት ክፈላት ይላል፤ አንዷ ታጽናና፣ ሌላዋ ትጽናና። ከዚያ ከዳዊት ጋር «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?» በል። ከእሱ በኋላ የመጣው መነኩሴ ዮሐንስ ካስያን ደግሞ የመዝሙር 70ን መክፈቻ፣ ፈጥነህ እርዳኝ የሚለውን ልመና፣ ቀኑን ሙሉ መደጋገምን ያስተምራል። ሁለቱም ረጅም ጸሎት አላዘዙም። ለደከመው ሰው አጭር ቃል ይበቃዋል። ስሜት እስኪመጣ መጠበቅም የለበትም፤ «ጌታ ሆይ፣ መጸለይ አስጠልቶኛል» ብሎ መናገርም ጸሎት ነው።

አባ እንጦንስም ይህ ደርሶበታል። በበረሃ ተቀምጦ ሐሳቡ ሲያስጨንቀው፣ «ጌታ ሆይ፣ መዳን እፈልጋለሁ፤ ሐሳቤ ግን አልተወኝም። ምን ላድርግ?» አለ። ወጣ ሲል እሱን የሚመስል ሰው አየ። ሰውየው ተቀምጦ ገመድ ይታታል፤ ይነሣና ይጸልያል፤ ተመልሶ ይታታል። መልአክ ነበር። «እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህም» ተባለ። ከዚህ የተለየ ምሥጢር አልተገለጠለትም።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት እምቢ ካለህ፣ መኖር ራሱ ካስጠላህ፣ ያ የድባቴ ሕመም ሊሆን ይችላል። ሐኪም ዘንድ መሄድ ከጸሎት መሸሽ አይደለም።

ኤቫግሪዮስ ስለዚህ ጋኔን ሌላም ነገር ጽፏል። ሌሎቹ ሐሳቦች አንዱ ሲሄድ አንዱ ይተካል። ከዚህኛው በኋላ ግን ሌላ ወዲያው አይከተልም፤ ታግሎ ለቆየ ሰው ሰላምና የማይነገር ደስታ ይመጣለታል ይላል።