በመስኖ ሪፖርት ላይ «የለማ መሬት» ሲባል የትኛው ነው?
በሰሜን ሸዋ ቆላማ ወረዳዎች፣ ቀወትና ኤፍራታና ግድም አካባቢ፣ በለጋሽ ገንዘብ የተሠራ መስኖ ሲጎበኝ አንድ ጥያቄ ክርክር ያስነሳል። ስንት ሄክታር ለማ? ለምሳሌ ፕሮጀክቱ 100 ይላል። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ 60 ይላል። ከቦዩ ግርጌ ያለው ገበሬ ደግሞ «እኛ ጋ ውሃ አልደረሰም» ይላል። ሦስቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ቁጥር ብዙ ጊዜ የዲዛይን ነው፤ ቦዩ ሲታቀድ ውሃ ይደርስበታል የተባለው መሬት። ሁለተኛው በዚያ ዓመት በእርግጥ ጠጥቶ የተዘራው ነው። ሁለቱ ካልተለዩ ክትትሉ ዋጋ የለውም።

ሌላም አለ። አንድ ማሳ በመጀመሪያው ዙር ሽንኩርት፣ በሁለተኛው ማሾ ቢዘራበት፣ 30 ሄክታሩ በሪፖርት 60 ሆኖ ይወጣል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ በየዙሩ የተዘራው ስለሚደመር ነው። መሬቱ ግን አልጨመረም። ስለዚህ ቁጥሩ የመሬት ስፋት ይሁን የዙር ድምር በግልጽ ይጻፍ።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ መነሻ መረጃው፣ ማለትም ከፕሮጀክቱ በፊት ስንት ሄክታር ይጠጣ እንደነበር ነው። እዚህ አካባቢ ገበሬው ወንዝ እየጠለፈ በባህላዊ መንገድ ማጠጣት የጀመረው ፕሮጀክት ሳይመጣ ነው። ቀድሞ 20 ሄክታር ይጠጣ ከነበረ፣ የፕሮጀክቱ ሥራ ከዚያ በላይ ያለው ብቻ ነው። መጀመሪያ ያልተለካውን በኋላ ማወቅ በጣም ይከብዳል። ለክትትል የሚሄድ ሰው ወንዙ ከተጠለፈበት ቦታ ሳይሆን ከቦዩ ግርጌ ካለው የመጨረሻ ማሳ ይጀምር። የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበሩንም የውሃ ተራ መዝገቡን ይጠይቅ።