ባርኔጣ በሆላንድ የቁም ሥዕሎች

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሆላንድ ወንድ ቤት ገባሁ ብሎ ባርኔጣውን አያወልቅም ነበር። ማዕድ ላይ እንኳ እንደደፋ ይቀመጣል። ራሱን የሚገልጠው ለጸሎት ወይም ከሱ ከፍ ያለ ሰው ፊት ሲቆም ነው። በዘመኑ ሥዕሎች ላይ ማን ባርኔጣ እንደደፋና ማን እንዳልደፋ ማየት የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1662 የሣላቸውን የአምስተርዳም የጨርቅ ጥራት ተቆጣጣሪዎች እንመልከት። አምስቱ ባለሥልጣናት ጥቁር ረጅም ባርኔጣ ደፍተዋል። ከኋላቸው የቆመው ስድስተኛው ሰው ግን ባርኔጣ የለውም። ልብሱ እንደነሱው ጥቁር፣ አንገትጌውም እንደነሱው ነጭ ነው። አገልጋያቸው መሆኑን የሚያሳብቀው ባዶ ራሱ ነው። በ1632ቱ የዶክተር ቱልፕ የአናቶሚ ትምህርት ሥዕልም ባርኔጣ የደፋው መምህሩ ብቻ ነው። አስከሬኑን ከበው የሚከታተሉት ሐኪሞች ሁሉ ራሳቸውን ገልጠዋል።

አደፋፈሩም ይናገራል። ፍራንስ ሃልስ በ1624 የሣለው ባለ ጥልፍ ልብስ ጎረምሳ ሰፊ ባርኔጣውን ዘመም አድርጎ፣ እጁን ወገቡ ላይ ጭኖ፣ «ምን ታመጣላችሁ» በሚል ፊት ያየናል። ቄንጠኛ ነው! ምርጡ ባርኔጣ ደግሞ ቢቨር ከተባለው የውሃ ዳር እንስሳ ፀጉር የሚሠራ ነበር። ሆላንዶች ዛሬ ኒውዮርክ በሆነው ቅኝ ግዛታቸው በኩል ቆዳውን ያስመጡ ስለነበር፣ ባርኔጣው የሀብት ምልክትም ነው።

ያገባች ሴት ፀጉሯን በነጭ የበፍታ ቆብ ትሸፍናለች። ጨዋነት ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን የጠርዙ ዳንቴል ቀላል ገንዘብ የወጣበት አይደለም። ልታይ ልታይ ማለት በትሕትና ልብስም ይቻላል።

ሬምብራንት ራሱን ሲሥል ቤሬ የተባለውን ለስላሳ ጠፍጣፋ ቆብ ይወድ ነበር። በ1640 በሣለው ላይ ያደረገው ቤሬ ግን ፋሽኑ ካለፈ ቆይቷል። ሆን ብሎ ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት ከነበሩት ከጣሊያን ታላላቅ ሠዓሊዎች ከነራፋኤልና ቲሺያን ጎን መሰለፍ ፈልጓል። ሠዓሊው ቬርሜር የሣላት ባለ ሉል ጉትቻዋ ልጃገረድም እንዲሁ ናት። ሰማያዊና ቢጫ ጥምጥሟ ሩቅ አገርን ለማስታወስ የተደረገ እንጂ በቬርሜር ከተማ በዴልፍት የሴቶች የዘወትር ልብስ አልነበረም። ሥዕሉም የአንዲት የታወቀች ሴት መልክ ሳይሆን የምናብ ፊት ነው።

በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ከፈረንሳይ የመጣው ትልቅ ሰው ሠራሽ ፀጉር ራስ ላይ ቦታውን ያዘ። ባርኔጣም ብብት ሥር ገባ።