ደረት ውስጥ የሚቀበረው አይሲዲ ምንድን ነው?

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው አጎቴ ልቡ ደክሞ አይሲዲ ሲገባለት ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «እሰይ፣ ልቡ በባትሪ መሥራት ጀመረ» አለ። እሱም አመነ። ከወር በኋላ ግን ደረጃ ሲወጣ እንደ በፊቱ ትንፋሽ አጠረውና «ዕቃው አልሠራም መሰለኝ» ብሎ ተበሳጨ። ዕቃው ምንም አልሆነም። ሥራው ምን እንደሆነ ቁጭ ብሎ ያስረዳው ሰው ነው የጠፋው።

አይሲዲ ዘበኛ ነው፣ ልብ አያጠነክርም። የደከመ ልብ ደም በደንብ ከመግፋት መስነፉ ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ ምቱ ድንገት ይበጣበጥና መርገፍገፍ ብቻ ይሆናል፤ ያኔ ሰውየው በሰከንዶች ውስጥ ይወድቃል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ካልተደረሰለትም ይሞታል። አይሲዲ የሚጠብቀው ይቺን ሰዓት ነው። ከመዳፍ ያነሰች ሳጥን ብዙውን ጊዜ ከግራ ትከሻ ዝቅ ብላ ከቆዳ ሥር ትቀመጣለች፣ ሽቦዋ በደም ሥር አልፎ ልብ ውስጥ ይገባል። ምቱ ሲፈጥን መጀመሪያ በቀስታ ለመግራት ትሞክራለች፣ ይሄን ታማሚው ላያውቀው ሁሉ ይችላል። እምቢ ካለ ወይም ከተበጣበጠ ኮረንቲ ትለቃለች።

ሐሳቡን ያመጣው ሚሼል ሚሮውስኪ የሚባል ሐኪም ነው፣ አለቃው በእንዲህ ያለ የምት መዛባት ከሞተበት በኋላ። ሰው ላይ መጀመሪያ የተገጠመው በ1980 እ.ኤ.አ. ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ነው። ከአጎቴ ቤት ሩቅ አይደለም።

ፔስሜከር ሌላ ነው፣ እሱ የዘገየ ልብ ይቀሰቅሳል። ሲአርቲ የሚባለው ደግሞ የልብን ግራና ቀኝ አብረው እንዲመቱ ያደርጋል፤ ለሚስማማው ሰው ትንፋሽ የሚያቀለው እሱ ነው። የአይሲዲንና የሲአርቲን ሥራ አንድ ላይ የሚሠራም አለ። ስለዚህ ሐኪሙን «የኔ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። የትኛውም ቢሆን መድኃኒት አያስቆምም።

ኮረንቲው ሲለቀቅ በቅሎ ደረትህን የረገጠችህ ያህል ነው ይላሉ። በዚያ ሰዓት የነካህ ሰው ትንሽ ቢነዝረው ነው እንጂ አይጎዳም፣ ሚስትህ አጠገብህ መተኛት አትፍራ። አንዴ ለቆ ደህና ከሆንክ ለሐኪምህ በዚያው ቀን ደውል። ከደጋገመ፣ ወይም ደረትህን ካመመህ፣ ወይም ራስህን ከሳትክ ግን አምቡላንስ ነው።

ስልክ በግራ ደረት ኪስ አይያዝ፣ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ይራቅ። ማይክሮዌቭ ችግር የለውም። ኤርፖርት አይሲዲ እንዳለህ የሚገልጸውን ካርድህን አሳይ፣ በመፈተሻው በር ሳትቆም እለፍ፣ በእጅ የሚይዙትን መፈተሻ ግን ሳጥኑ ላይ እንዳያቆዩት ንገራቸው። የኛ ሰው ስለ ጸበል ይጠይቃል፦ ቁስሉ እስኪደርቅ ውኃ አይንካው፣ ከዚያ በኋላ ችግር የለም። የግራ እጅ ግን ለጥቂት ሳምንታት ከትከሻ በላይ አይነሳም፣ ስለዚህ ስግደቱም ሐኪም እስኪፈቅድ ይቆይ።

ማንም ማንሳት የማይፈልገው አንድ ነገር አለ። ሰው በሌላ በሽታ መጨረሻው ሲቃረብ ደረቱ ሳይቀደድ የኮረንቲው ሥራ ከውጭ በማሽን ሊጠፋ ይችላል፣ አለዚያ ሊሞት የሚያጣጥርን ሰው ደጋግሞ ሊመታው ይችላል። ማጥፋት መግደል አይደለም፣ ልቡ በራሱ መምታቱን ይቀጥላል። ይሄን ለአጎቴ ስነግረው «አታሟርትብኝ!» ብሎ ተቆጣኝ። ለቀጣዩ ቀጠሮ ግን ጥያቄውን ወረቀት ላይ ጽፎ ነው የሄደው።