ሮማንቲሲዝም ምንድን ነው? በ«ፍራንከንስታይን» በኩል ሲታይ

ሮማንቲሲዝም በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ አውሮፓ ውስጥ የተነሣ የሥነ ጽሑፍ፣ የሥዕልና የሙዚቃ እንቅስቃሴ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከእሱ በፊት የነበረው ትውልድ ሁሉንም በአመክንዮ ሲመዝን፣ ሮማንቲኮቹ ለስሜት፣ ለምናብና የሰው እጅ ላልነካው ተፈጥሮ ትልቅ ስፍራ ሰጡ። በእንግሊዝ ዎርድስዎርዝና ኮልሪጅ በ1798 ያሳተሙት የግጥም መድበል የዚህ መንፈስ ዋና ምልክት ነው።

ይህን ሐሳብ በሙሉ ጉልበቱ የማገኘው ግን በግጥም ሳይሆን በአንድ አስፈሪ ልብወለድ፣ በሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» ውስጥ ነው። ሜሪ መጽሐፉን የጀመረችው በ1816 ጄኔቫ ሐይቅ ዳር፣ ገና በ18 ዓመቷ ነበር። ከዓመት በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ የፈነዳው የታምቦራ እሳተ ገሞራ የአየሩን ጠባይ ስላናጋው ዝናቡ ሜሪንና ጓደኞቿን ከቤት አላስወጣ አላቸው፤ ቤት ተከተው ሳሉ ባለቅኔው ባይረን «እያንዳንዳችን የሙት መንፈስ ታሪክ እንጻፍ» አለ። መጽሐፉ በ1818 ለንደን ውስጥ ያለ ደራሲ ስም ታተመ።

ቪክተር ፍራንከንስታይን የሚባል ወጣት ተማሪ ከሬሳ ክፍሎች አንድ ፍጡር ሠርቶ ሕይወት ይዘራበታል፤ ፍጡሩ ዓይኑን ሲገልጥ ግን ጥሎት ይሸሻል። ይህ ለዘመኑ አንባቢ ከሰማይ የወረደ ቅዠት አልነበረም። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ጋልቫኒ የሞተች እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ሲንፈራገጥ አሳይቶ ነበር፤ የእህቱ ልጅ አልዲኒም በ1803 ለንደን ውስጥ በስቅላት የተቀጣ ሰው ሬሳ ላይ ያንኑ ሞክሯል።

ከዚህ ተነሥተው መጽሐፉን የሳይንስ ጠላት የሚያደርጉት ብዙዎች ናቸው። እኔ አልስማማም። ሜሪ የቪክተርን የኬሚስትሪ መምህር ዋልድማንን ደግና አስተዋይ አድርጋ ነው የሳለችው። የቪክተር ጥፋት የሚጀምረው ሌላ ቦታ ነው፤ በሥራው ተጠምዶ ክረምት፣ ጸደይና በጋ ሲያልፉ አበባው ሲፈካ፣ ቅጠሉ ሲለመልም አላየም፤ ለቤተሰቡም ደብዳቤ መጻፍ ተወ። ለሮማንቲክ ደራሲ ከዚህ የከፋ ምልክት የለም፦ ከተፈጥሮ የተለየ ሰው ከሰውም ተለይቷል።

ፍጡሩስ? ለእኔ የመጽሐፉ ልብ እሱ ነው። በአንድ ደሃ ቤተሰብ ጎጆ አጠገብ ተደብቆ ቋንቋ ይማራል፤ ወድቀው ባገኛቸው መጻሕፍት፣ ከእነሱም አንዱ በሆነው በጀርመናዊው ደራሲ በጎተ ልብወለድ «ቬርተር» ያለቅሳል። ዓይነ ስውሩ አዛውንት በደግነት ያነጋግሩታል፤ ልጃቸው ገብቶ ሲያየው ግን በዱላ ይደበድበዋል። ኋላ ፈጣሪውን ሲያገኘው ደግ እንደነበረና ክፉ ያደረገው መከራ እንደሆነ ይነግረዋል። ሰው በተፈጥሮው በጎ ነው፣ የሚያበላሸው ኅብረተሰብ ነው የሚለው የጄኔቫው ተወላጅ ፈላስፋ የሩሶ ሐሳብ እዚህ ሥጋ ለብሷል። ሜሪ እናቷን በተወለደች በቀናት ውስጥ አጥታለች፤ የመጀመሪያ ልጇም በ1815 በሕፃንነቷ ሞታባታለች። ስለ ተጣለ ፍጡር ስትጽፍ ከሩቅ ሆና አልነበረም።

ተፈጥሮ ያድናል የሚለውን እምነት ግን ሜሪ እንዳለ አልተቀበለችውም። ወንድሙ በፍጡሩ እጅ ከተገደለ በኋላ ቪክተር ሐዘኑን ሊያስታግስ ሞን ብላን ከተባለው የአልፕስ ተራራ አጠገብ ወዳለው የበረዶ ግግር ይወጣል። ግርማው ልቡን ሞልቶ፣ ደስታ ሊሰማው ሲጀምር ፍጡሩ በበረዶው ላይ እየዘለለ ሲመጣ ያያል። ተራራው አጽናንቶታል፤ ዕዳውን ግን አልሰረዘለትም።

ይህን ሁሉ የምንሰማው በሰሜን ዋልታ በረዶ ከተያዘው መርከበኛ ከዋልተን ነው። እሱም እንደ ቪክተር ክብር ፈላጊ ነው። መርከበኞቹ እንመለስ ብለው ሲለምኑት፣ በመርከቧ ላይ በሞት አፋፍ ያለው ቪክተር ፈሪዎች እያለ ይገሥጻቸዋል፤ ንግግሩም በጣም ያምራል። ዋልተን ቅር እያለው የሰዎቹን ልመና ሰምቶ መርከቧን ወደ ደቡብ አዞረ።